19 ቀን የቀረው ጉባኤ፦ የሜሪላንድ ሕግ አውጪ በ2020 እንዴት ተበተነ፣ እንዴትስ ተመለሰ

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ሰኞ፣ በአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት ሕግ አውጪ ጉባኤ የቀን መቁጠሪያ 69ኛው ቀን ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ቀን በግዛቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የመሻገሪያ ቀን ይባላል። አንዱ ምክር ቤት ያጸደቃቸው ረቂቆች ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ቀነ ገደብ የሚያበቃው በዚሁ ቀን ሲሆን፣ ዘግይቶ የሚደርስ ረቂቅ በቀጥታ ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መመራቱ ቀርቶ አስቀድሞ በደንብ ኮሚቴው በር ማለፍ ይኖርበታል። በሌላ ዓመት ቢሆን ከመሻገሪያው ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይቀራል፤ የጉባኤው ዋነኛ ድርድርም የሚካሄደው በእነዚያ ሳምንታት ነው። በ2020 ግን የቀሩት ሁለት ቀናት ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች ከአንድ ቀን በፊት፣ እሑድ ማርች 15፣ ጉባኤው ረቡዕ ማርች 18 እንደሚበተን አስታውቀው ነበር።

ይህ ጥናት የሚመለከተው ያንን መበተን እና ከእሱ በኋላ የመጣውን መመለስ ነው። ጉዳዩ ከላይ ሲታይ የወረርሽኝ ታሪክ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የቀጠሮ ታሪክ ነው፤ አንድ ምክር ቤት የሚበተንበትን ቀን ሲቆርጥ፣ በእሱና በአገረ ገዥው መካከል የመጨረሻውን ቃል ማን፣ መቼ እንደሚናገርም አብሮ ይቆርጣል።

የሜሪላንድ ሕግ አውጪ ጉባኤ 47 አባላት ያሉት ሴኔት እና 141 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አሉት። በግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይሰበሰባል፤ የሚቀመጠውም ከ90 ቀናት ላልበለጠ ጊዜ ነው። እነዚህ ቀናት ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በስተቀር ተከታታይ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ፣ በረዶ ወርዶ መንገድ የተዘጋበት ቀን ይቆጠራል፣ አዳራሹ ባዶ የዋለበት ቀንም ይቆጠራል። ጉባኤው ጊዜውን ማራዘም ከፈለገ በሁለቱም ምክር ቤቶች ከጠቅላላው አባላት የሦስት አምስተኛውን ድምፅ ማግኘት አለበት፤ ያም ቢሆን ከ30 ቀን በላይ መጨመር አይችልም። ከዚህ ውጭ እንደገና ሊሰበሰብ የሚችለው አገረ ገዥው በአዋጅ ለልዩ ጉባኤ ሲጠራው ነው። ከሴኔቱም ከተወካዮች ምክር ቤቱም አብላጫው አባላት፣ ማለትም 24 ሴናተሮችና 71 ተወካዮች፣ በፊርማቸው ከጠየቁ ግን አገረ ገዥው ወደደም ጠላም አዋጁን ማውጣት ግዴታው ነው። የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ የሚመሳሰል ነገር ያገኛል። በዚያም ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ እያለ ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁ አፈ ጉባኤው ስብሰባ የመጥራት ግዴታ አለበት። ልዩነቱ በሜሪላንድ ጥሪው የሚወጣው በአገረ ገዥው እጅ መሆኑ ነው።

በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ያለው የዕለት ተዕለት መበተንና መሰብሰብም የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ምክር ቤት ያለ ሌላው ፈቃድ ከሦስት ቀን በላይ ሊበተን አይችልም፤ ስብሰባውንም ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አይችልም። ድንጋጌው አንዱ ወገን ጥሎ በመሄድ ሌላውን ሥራ እንዳያስፈታ ለመከላከል የገባ ነው። ከዚህ ይልቅ እንግዳ የሚሆነው የቀን አቆጣጠሩ ነው። የአዳራሹን ዕለታዊ የሥራ ዝርዝር ላነሳ ሰው፣ በገጹ ራስጌ ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ ያያል፤ አንደኛው የጉባኤው ቀን፣ ሁለተኛው የመቁጠሪያው ቀን ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ አንዳንዴ በበርካታ ቀናት ይራራቃሉ። ምክንያቱ የጉባኤው ቀን የሚቀየረው ምክር ቤቱ በውሳኔ ተበትኖ እንደገና ሲሰበሰብ እንጂ ፀሐይ ጠልቃ ስትወጣ አለመሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንድ ረቂቅ በየምክር ቤቱ በሦስት የተለያዩ የጉባኤ ቀናት እንዲነበብ ስለሚያዝ፣ ይህን ፎርማሊቲ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስብሰባ የሚከፍተውና የሚዘጋው የሰብሳቢው መዶሻ መቼ እንደሚመታ የሚወስነው ሰው፣ የትኛው ረቂቅ ለሦስተኛ ንባብ እንደሚደርስም በከፊል ይወስናል።

የ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት በአናፖሊስ ትልቅ ድባብ አለው። ሥነ ሥርዓቱ በላቲን ስሙ ሳይኒ ዳይ ይባላል፤ ትርጉሙ ያለ ቀን፣ ወይም በእኛ አነጋገር ያለ ቀጠሮ መበተን ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ከላይ ፊኛና የወረቀት ብጥስጣሽ ይወርዳል፣ አባላቱም ይተቃቀፋሉ። ለሌላ ሰው የበዓል መዝጊያ ይመስላል፣ ነገር ግን ሰዓቱ ምሕረት የለውም። በ2012 ኤፕሪል 9 እኩለ ሌሊት ሲደርስ የገቢ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በውጤቱም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅነሳ የሚያስከትል፣ የጥፋት ቀን በጀት የሚል ቅጽል የተሰጠው የወጪ ዕቅድ ብቻውን ቆመ። አገረ ገዥው ማርቲን ኦማሊ ጉባኤውን በሜይ ለሦስት ቀናት ጠርተው ጉዳዩን አስተካከሉ፤ የቁማር ቤቶችን ነገር ለመጨረስ ደግሞ በኦገስት እንደገና ጠሩት። በዚያ ዓመት ጥሪው ቀላል የሆነው አገረ ገዥውም አብላጫውም ዴሞክራቶች ስለነበሩ ነው።

በ2020 ሁኔታው ከዚህ የተለየ ነበር። አገረ ገዥው ላሪ ሆገን ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሁለቱን ምክር ቤቶች በሰፊ ድምፅ የያዙት ግን ዴሞክራቶች ነበሩ፣ በሴኔቱ 32፣ በተወካዮች ምክር ቤቱ 99 መቀመጫ ነበራቸው። ቪቶን፣ ማለትም አገረ ገዥው ያለፈ ረቂቅን ውድቅ አድርጎ የሚመልስበትን ውሳኔ፣ ለመሻር የሚያስፈልገው 29 እና 85 ድምፅ ስለሆነ ቁጥሩ ከበቂ በላይ ነበር። መሪዎቹም ለቦታቸው አዲስ ነበሩ። አድሪየን ጆንስ በሜይ 2019 የተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነው ሲመረጡ ለዚያ ቦታ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበሩ። ቢል ፈርግሰን ደግሞ ሴኔቱን ከ1987 ጀምሮ የመሩትን ማይክ ሚለርን የተኩት በዚያው ጃንዋሪ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም በእነዚህ ወንበሮች ላይ ሆነው የጃንዋሪ መክፈቻ መዶሻን ለመጀመሪያ ጊዜ የመቱት በዚያ ዓመት ነው ማለት ነው።

ጉባኤው ጃንዋሪ 8 ተከፈተ፤ በመደበኛው ስሌት የሚያበቃው ኤፕሪል 6 ነበር። ማርች 5 ምሽት በግዛቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የኮቪድ-19 ሕሙማን መገኘታቸው ተነገረ። ሦስቱም የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግን በመሰሉ ሰፈሮች አማርኛ በየገበያው የሚሰማበት፣ የካውንቲው ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ማስታወቂያ የሚልኩበት አካባቢ ነው። አገረ ገዥው በዚያው ምሽት የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በቀጣዩ ሳምንት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፣ የምክር ቤቱ ግቢም ለሕዝብ ተዘጋ። 188 ሰዎች ጠባብ አዳራሾች ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ሚለርን ጨምሮ አንዳንዶቹ በከባድ ሕመም ላይ ሆነው፣ ሦስት ሳምንት መቀጠል የሚያስኬድ አልነበረም።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የሦስት ሳምንት ሥራ ተሸከሙ። በጀቱ ጸደቀ። በሜሪላንድ የበጀት ረቂቅ በሁለቱ ምክር ቤቶች እንዳለፈ ያለ አገረ ገዥው ፊርማ ሕግ ስለሚሆን፣ በዚህ በኩል የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ወረርሽኙን ለመቋቋም አገረ ገዥው ከመጠባበቂያ ፈንድ እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲያንቀሳቅሱ የሚፈቅደው ረቂቅ አስቀድሞ አልፎ ነበር። ማርች 17 ደግሞ በዚያ ዓመት ትልቁ የሆነው ረቂቅ ተጠናቀቀ። ይህ በብሪት ከርዋን የተመራው ኮሚሽን ያቀረበውን ሐሳብ መሠረት አድርጎ የተዘጋጀው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚወጣውን ገንዘብ ደረጃ በደረጃ በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያሳድገው የትምህርት ማሻሻያ ሲሆን፣ የሕፃናትን ቅድመ ትምህርት፣ የመምህራንን ደመወዝ እና እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆችን ድጋፍ ይመለከታል። በማግስቱ መዶሻው ተመታ። መሪዎቹ እንዳሉት ጉባኤው ከጊዜው በፊት ሲበተን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ያ የቀድሞው ታሪክ ራሱ ስለ ቀጠሮ ነው፣ ስለዚህ ለአፍታ ቆም ማለት ይገባዋል። በ1861 አገረ ገዥ ቶማስ ሂክስ ጉባኤውን ለልዩ ስብሰባ ጠሩ፤ አናፖሊስ በፌዴራሉ ወታደሮች ስለተያዘች ስብሰባው ኤፕሪል 26 በፍሬድሪክ ከተማ ተከፈተ። አባላቱ በዚያ በጋ እየተበተኑ እየተሰበሰቡ ቆዩ፤ በኦገስት ሲበተኑ ለሴፕቴምበር 17 ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው የታወቀ በመሆኑ የፌዴራሉ ጦርም ያውቀው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ለመገንጠል ያደላሉ የተባሉ አባላት ተያዙ፣ ምልዓተ ጉባኤም አልሞላም፣ ጉባኤው በዚያው ቀረ።

የ2020ዎቹ መሪዎች ቀጠሮ ይዘው ከመበተን ይልቅ ያለ ቀጠሮ መበተንን ለምን መረጡ? እንደ እኔ ንባብ መልሱ በተከታታይነት ደንቡ ውስጥ ነው። ማርች 18 ለእረፍት ተነሥተው ለኤፕሪል ወይም ለሜይ ቢቀጣጠሩ ኖሮ ቀናቱ መቆጠራቸውን አያቆሙም፤ 90ኛው ቀን ማንም በሌለበት ኤፕሪል 6 ላይ ያልቃል። በሦስት አምስተኛ ድምፅ አራዝመው ቢሆንም ሕጉ የሚፈቅደው እስከ ሜይ 6 ድረስ ብቻ ነው። ወረርሽኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይበርዳል ብሎ መገመት የዋህነት ይሆን ነበር። ስለዚህ መደበኛውን ጉባኤ ዘግተው፣ በሜይ የመጨረሻ ሳምንት ለልዩ ጉባኤ የመመለስ ዕቅድ እንዳላቸው አስታወቁ። እዚህ ላይ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። ይህ ቀጠሮ ሳይሆን ሐሳብ ነበር። ያለ ቀን የተበተነ ምክር ቤት ራሱን በራሱ መጥራት አይችልም፤ ወይ አገረ ገዥው ይጠሩታል፣ ወይ አብላጫው ፈርሞ ያስጠራቸዋል።

የሜይ የመጨረሻ ሳምንት እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ረቂቅ ጉባኤው እያለ ለአገረ ገዥው ከቀረበ፣ እሑድን ሳይጨምር በስድስት ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። በመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት ወይም ከመዝጊያው በኋላ ከቀረበላቸው ግን 30 ቀን ያገኛሉ። ጉባኤው ያለፉ ረቂቆችን ለማቅረብ ከተበተነ በኋላ 20 ቀን አለው። ማርች 18 ላይ 20 ቀን ቢጨመር ኤፕሪል 7 ይመጣል፤ በዚያ ላይ 30 ቀን ቢጨመር ሜይ 7። አገረ ገዥው የትምህርት ማሻሻያውን በቪቶ የመለሱት በእርግጥም ሜይ 7 ቀን ነው። ምክንያታቸውም ኢኮኖሚው በወደቀበት ጊዜ ይህን የመሰለ አዲስ ወጪ መፍቀድ አይገባም የሚል ነበር። በዲጂታል ማስታወቂያ ላይ ግብር የሚጥለውን ረቂቅ እና የአራቱን የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ጊዜ የቆየ ክስ በ577 ሚሊዮን ዶላር የሚዘጋውን ረቂቅም መልሰዋል። በሜይ የመጨረሻ ሳምንት የሚሰበሰብ ጉባኤ እንግዲህ ለሁሉም መልስ ለመስጠት በትክክል የሚደርስ ጉባኤ ይሆን ነበር።

አልተሰበሰበም። ሜይ ሲደርስ በሽታው አልበረደም፣ መሪዎቹም ዕቅዱን ተዉት። ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው በቪቶ የተመለሰ ረቂቅ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ከሆነ የሚታየው ምክር ቤቱ በሚቀጥለው መደበኛ ወይም ልዩ ጉባኤ ከተደራጀ በኋላ ነው። ልዩ ጉባኤ ከሌለ የሚቀጥለው የጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። በሁለቱም ምክር ቤቶች የመሻሪያ ቁጥር ያለው አብላጫ፣ ፊርማ አሰባስቦ ጥሪውን ማስገደድ እያለ ስምንት ወር መጠበቅን መረጠ። ከጤና አንጻር ውሳኔውን የሚነቅፍ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋጋው ግን የሚታይ ነበር።

ዋጋውን ለመለካት አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በ2019 ጉባኤው የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝን ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድገውን ረቂቅ አሳልፎ፣ ገና ተቀምጦ ሳለ ለዚያው አገረ ገዥ ላከው። የስድስቱ ቀን ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ማርች 27 ቪቶ መጣ፣ ማርች 28 ሁለቱም ምክር ቤቶች ሻሩት። የሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛም ሆነ የምግብ ቤት አስተናጋጅ የደመወዙን ነገር በአንድ ቀን ልዩነት አወቀ። የትምህርት ማሻሻያው ማርች 17 ሲያልፍ ጉባኤው እስከ ኤፕሪል 6 ቢቀመጥ ኖሮ በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር፤ የቀሩት 20 ቀናት ለማቅረቢያውም፣ ለስድስቱ ቀንም፣ ለመሻሪያውም ይበቁ ነበር። በወረርሽኙ የጠፉት 19 ቀናት ይህን ዕድል ይዘው ሄዱ።

መደበኛው ጉባኤ ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 ተመለሰ። መመለሱን ያየ ሰው የማይረሳው ነገር የሴኔቱ አዳራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ሴናተር ጠረጴዛው ላይ በተተከለ የሚያሳይ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ በውስጡ ሆኖ ሲናገር አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ ግን የሚመጣው ከማጉያው ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ብዛቱ ስላልፈቀደለት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በአሮጌው ሕንፃ አዳራሽ፣ ግማሹ በተወካዮቹ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በተዘጋጀ ተጨማሪ አዳራሽ ተቀመጠ። ስብሰባው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይዛወር የሚከለክለውን አንቀጽ ላስታወሰ ሰው፣ ሁለቱም አዳራሾች በዚያው በአናፖሊስ የመንግሥት ግቢ ውስጥ መሆናቸው ልብ የሚባል ነገር ነው።

የተወካዮች ምክር ቤቱ ፌብሩዋሪ 8፣ ሴኔቱ ፌብሩዋሪ 12 የትምህርት ማሻሻያውን ቪቶ ሻሩ። ከሜይ 7 እስከዚያ ቀን ዘጠኝ ወር አልፏል። ሕጉ ሲጻፍ የተቆረጡት ቀነ ገደቦች አንዳንዶቹ እስከዚያ ድረስ ስላለፉ ወይም ስለተቃረቡ፣ ጉባኤው በዚያው ወቅት ቀኖቹን የሚያሸጋሽግ የማሻሻያ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። የማስታወቂያው ግብርም በመሻር ሕግ ሆነ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አሮጌውን ቪቶ ከመሻር ይልቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ቁጥር አንድ ተብሎ አዲስ ረቂቅ ቀረበ፤ አገረ ገዥውም በማርች 2021 ፈረሙት። ስሙን ቁጥር አንድ ማለት የፖለቲካ ትርጉም እንዳለው ግልጽ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጉባኤው የምርጫ ወረዳዎችን ለመከለል በልዩ ስብሰባ ተጠራ። አዲሱን የኮንግረስ ወረዳዎች ካርታ ባጸደቀ ማግስት፣ ዲሴምበር 9፣ አገረ ገዥው ቪቶ አደረጉት፤ አባላቱ በአዳራሹ ስለነበሩ በዚያው ቀን ሻሩት። በ2020 ዘጠኝ ወር የፈጀው ነገር በ2021 የፈጀው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ካርታውን በማርች 25 ቀን 2022 ፍርድ ቤት ሲሰርዘውም ጉባኤው በመደበኛ ስብሰባው መጨረሻ ሳምንታት ላይ ነበር፤ ማንም መጥራት አላስፈለገውም። ማርች 30 ሌላ ካርታ አሳለፈ፣ አገረ ገዥውም ኤፕሪል 4 ፈረሙት፤ 90ኛው ቀን የሞላው ከዚያ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 11 እኩለ ሌሊት ነው።